ማህበራችን ማንን ይደግፋል? የዓመታዊ ስብሰባችን መክፈቻ ንግግር፣ ላስ ቬጋስ፣ መስከረም 2017

አባቶቻችን እናቶቻችን፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ለ2017 ዓ.ም በሰላም አደረሳችሁ፣ ለመስቀሉም በሰላም ያድርሰን። ግማሾቻችሁ ከማታ ሺፍት ወጥታችሁ እንቅልፍ ሳይዛችሁ ቀጥታ እዚህ እንደመጣችሁ ስለማውቅ በጣም ነው ማመሰግናችሁ። የሂሳቡን ነገር ገንዘብ ያዣችን ያቀርበዋል፣ የአስከሬን ማጓጓዣው መዋጮ ከምሳ በኋላ ነው፣ እኔ ማወራው ሰሞኑን ቀን ከሌሊት እየደወላችሁ ስለጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነው፣ ማህበሩ ዘንድሮ ማንን ነው ሚደግፈው፣ ካማላ ሃሪስን ነው ወይስ ዶናልድ ትራምፕን?

መልሱን አላቆያችሁም፣ ማህበሩ ማንንም አይደግፍም። ለምን ብትሉ መጀመሪያ ህጉ አይፈቅድም፣ ማህበራችን ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ ነው፣ ማለትም ከታክስ ነፃ የሆነ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ እንዲህ ያለ ድርጅት ደግሞ በፈረንጅ ከ1954 ጀምሮ ባለ ህግ እከሌን ምረጡ ወይም አትምረጡ ማለት አይችልም፣ ካለ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። እያንዳንዳችን ግን እንደ ግለሰብ ምንፈልገውን መደገፍ እንችላለን፣ የቦርድ አባላትም ጭምር፣ የማህበሩን ስም ይዘን አይሁን እንጂ። ሁለተኛው ግን የራሴ እምነት ነው፣ ህጉ ባይኖርም እቃወም ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለሁለቱም ሚመርጥ ሰው አለ፣ አንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ባልና ሚስቱም ሁለት ቦታ ናቸው፣ ነገ አንዱ ሀዘን ሲደርስበት ግን ድንኳኑንም ቡናውንም ይዘን ምንሄደው አንድ ላይ ነው። ይሄን ለማንም ፖለቲከኛ አንሰጥም።

ማህበሩ አይደግፍም ማለት ግን አይመለከተንም ማለት አይደለም፣ እንደውም እንደኛ ሚመለከተው ጥቂት ነው። ፕሬዝዳንት ሚመረጠው በጠቅላላ ድምፅ ሳይሆን በስቴት በስቴት እየተቆጠረ ነው፣ ሎስ አንጀለስ ያሉ ዘመዶቻችን ቢመርጡም ባይመርጡም ካሊፎርኒያን ማን እንደሚወስደው ከአሁኑ ይታወቃል፣ ኔቫዳ ግን አይታወቅም። ኔቫዳ ያለን 6 ኤሌክቶራል ድምፅ ነው፣ ስቴቱን ያሸነፈው ይወስደዋል፣ በ2020 ባይደን እዚህ ያሸነፈው በ33 ሺ 600 ድምፅ ገደማ ነው፣ በ2016 ደግሞ የሂላሪ ክሊንተን ብልጫ 27 ሺ አካባቢ ነበር። ሁለቱ እጩዎች በዚህ ሙቀት እየተመላለሱ ሚመጡት ለዚህ ነው እንጂ ስትሪፑን፣ የካዚኖዎቹን መንገድ፣ ለማየት አይደለም።

ትራምፕ ሰኔ ላይ፣ ጁን 9፣ ሳንሴት ፓርክ መጥቶ ከቲፕ፣ ከጉርሻው፣ ላይ ታክስ አይቆረጥም አለ፣ ሃሪስ ደግሞ ኦገስት 10 እዚሁ ላስ ቬጋስ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እኔም ቲፕ ላይ ታክስ አነሳለሁ፣ ሚኒመም ዌጁንም እጨምራለሁ አለች። ይሄ ነገር እንደኛ ሚነካው ሰው የለም፣ ታክሲ ምትነዱ፣ ቫሌት ላይ ያላችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ ካርድ ምታድሉ፣ የሆቴል ክፍል ምታፀዱ እህቶቼ፣ ቤታችሁ ግማሹ በቲፕ ነው የቆመው። ሁለቱም አንድ አይነት ነገር ካሉማ ምን እንመርጣለን ምትሉ አላችሁ፣ እኔ ግን እዚህ ጋ ነው ጠንከር ብለን መጠየቅ ያለብን እላለሁ። ሚነሳው ኢንካም ታክሱ ብቻ ነው ወይስ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ሚቆረጠውም ጭምር? ሶሻል ሴኩሪቲው ከተነሳ ጡረታ ስንወጣ ምናገኘው ይቀንሳል ወይ? ገቢያቸው ትንሽ ሆኖ ድሮም የፌደራል ኢንካም ታክስ ማይከፍሉ እናቶች ምን ያገኛሉ? ኔቫዳ እንደሆነ የስቴት ኢንካም ታክስ የላትም፣ ስለዚህ እዚህ ሚወራው የፌደራሉ ብቻ ነው፣ የፌደራሉን ደግሞ ፕሬዝዳንት ብቻውን አይቀይረውም፣ ኮንግረስ ነው ህግ ሚያወጣው። ስለዚህ በሩን ሲያንኳኩ ቲፕ ቲፕ ሚሉትን ሁሉ ኮንግረስ ውስጥ ማን ያፀድቅላችኋል ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቻችሁ አባል የሆናችሁበት የሆቴልና የካዚኖ ሰራተኞች ማህበር፣ የኩሊናሪ ዩኒየን፣ ለሃሪስ ድጋፉን ሰጥቷል፣ ምክንያቱን አንብቡት፣ ግን ዩኒየኑም ሆነ ሌላው ሚናገረው ሃሳብ ነው፣ ትእዛዝ አይደለም።

ሌላው ኢሚግሬሽን ነው። እዚህ ካለነው ስንቱ ነው በዲቪ የመጣው? ዲቪን ያቋቋመው ኮንግረስ በ1990 ባወጣው ህግ ነው፣ ትራምፕ በፈረንጅ በ2017 ኒውዮርክ ላይ በመኪና ጥቃት ከደረሰ በኋላ ይቅር ብሎ ጠይቋል፣ በ2020 ኤፕሪል ላይም በኮሮናው ምክንያት በፈረመው ትእዛዝ የዲቪ ቪዛ ቆሞ ነበር፣ ያኔ እጣ ደርሷቸው እቃቸውን ሸጠው ሲጠብቁ የቀሩ ሰዎች የማን ወንድም የማን እህት እንደሆኑ እናንተው ታውቃላችሁ። በባይደን ጊዜ ደግሞ በ2022 ለኢትዮጵያውያን ቲፒኤስ፣ ማለትም ጊዜያዊ ከለላ፣ ተሰጠ፣ በዚህ በ2024 ደግሞ እስከ ዲሴምበር 2025 ተራዘመ። በሌላ በኩል ደግሞ ድንበሩ ተከፍቶ እኛ በህጋዊ መንገድ ዓመታት ጠብቀን የመጣነው ተበደልን ብሎ ሚቆጨውንም አባል ሰምቼዋለሁ፣ ንዴቱ የውሸት አይደለም፣ የሚስቱን ፕሮሰስ እየጠበቀ ያለ ሰው ነው።

አሁን ሚከብደኝን ልናገር። ብዙ ሰው ሚመርጠው አገር ቤትን ይዞ ነው። በ2020 ኦክቶበር ላይ ትራምፕ ስለ ህዳሴ ግድብ ሲያወራ ግብፆች ያፈነዱታል ብሎ የተናገረውን ማንም አልረሳም፣ ከዛ በፊትም አስተዳደሩ በዛው በግድቡ ሰበብ እርዳታ አግዶ ነበር። ባይደን ሲመጣ ደግሞ በ2021 በጦርነቱ ምክንያት የማእቀብ ትእዛዝ ፈረመ፣ ከ2022 ጃንዋሪ ጀምሮ ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እቃ ከምንልክበት እድል፣ አስወጣን፣ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ይሰሩ የነበሩ ልጃገረዶች ስራ ያጡት ያኔ ነው። አንዱ የሰሜኑን ጦርነት ሲያስብ አሜሪካ በዛብን ይላል፣ ሌላው ቤተሰቡ ላይ የደረሰውን እያሰበ አሜሪካ ዝም አለችን ይላል፣ ሁለቱም እዚህ ተቀምጠዋል፣ ሁለቱም ሀዘንተኛ ናቸው። በዚህ ላይ ተከራክረን ማንም ማንንም አያሳምንም። እኔም እንደናንተው ልቤ ያለው እዛ ነው፣ ግን ይሄ ሚመረጠው ሰው ሚያስተዳድረው እኛን ነው፣ የልጆቻችንን ትምህርት ቤት፣ የእናቶቻችንን ሜዲኬይድ፣ የቤት ኪራዩን፣ የኢንሹራንሱን። የአራት ዓመት ቂም ይዞ ብቻ በድምፅ መስጫው ወረቀት፣ በባሎቱ፣ ላይ ሚቀባ ሰው የልጁን ነገር ረስቶ ነው ሚወጣው ብዬ አምናለሁ። አገር ቤትን አስቡ፣ ግን እሱን ብቻ አታስቡ።

ስለ ባሎቱም ላንሳ። ኔቫዳ ውስጥ የተመዘገበ ሰው አልፈልግም ብሎ ካላሳወቀ በቀር ባሎት በፖስታ ቤቱ ይመጣለታል፣ በቀጣዩ ወር አጋማሽ ገደማ ማለት ነው። በየቤቱ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፣ አባት ወይ ትልቁ ልጅ ሦስቱንም አራቱንም ፖስታ ሰብስቦ ይቀመጥና "እዚህ ጋ ፈርሚ" ይላል። አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ በፍቅር ነው ምላችሁ፣ ይሄ ይቁም። የሷ ድምፅ የሷ ነው፣ በሌላ ሰው ስም መፈረም ደግሞ ወንጀል ነው፣ ፊርማውም ይመሳከራል። ከናንተ የተለየ ሰው ብትመርጥ ቤታችሁ አይፈርስም። ቋንቋው ያስቸግራታል ምትሉ ከሆነ እውነት ነው፣ ካውንቲው ባሎቱን በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽና በፊሊፒኖ ያዘጋጃል፣ አማርኛ የለም፣ የፌደራሉ ህግ በቋንቋ እርዳታ ሲያስገድድ የአፍሪካ ቋንቋዎችን አላካተተም፣ ይሄ ራሱን የቻለ ትግል ነው ወደፊት ምንገባበት። ግን ያው ህግ ማንበብ ያስቸገረው ሰው የፈለገውን ረዳት ይዞ መምረጥ ይችላል ይላል፣ ከአሰሪውና ከዩኒየኑ ተወካይ በስተቀር። ረዳቱ ያነባል፣ ያስረዳል፣ ከዛ እናትየው ባለችው ላይ ይቀባል፣ በቃ። ልጆች፣ ኮሌጅ ገባን ብላችሁ ለእናታችሁ አትምረጡላት።

ሁለቱም አልጣመኝም ምትሉም አላችሁ፣ የሁለቱን ክርክር ጳጉሜ 5 ማታ ዶሮ ወጥ እየሰራን ነበር ያየነው፣ ሲያልቅ ቲቪውን አጥፍቶ "አልመርጥም" ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ኔቫዳ ውስጥ "ከእጩዎቹ ማንንም አልፈልግም" ሚል ሳጥን ባሎቱ ላይ አለ፣ እሱን መቀባት ይቻላል፣ ግን ቤት አትቀሩ፣ ከፕሬዝዳንቱ በታች ሴኔት አለ፣ ጃኪ ሮዘን ከሳም ብራውን ጋ፣ ኮንግረስ አለ፣ የስቴት ጥያቄዎች አሉ፣ ቅድም ያልኳችሁን የቲፕ ታክስ ሚወስኑት ሴኔቱና ኮንግረሱ ናቸው።

ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ ደግሞ አደራ አደራ፣ ሲትዝን ሳትሆኑ መመዝገብም መምረጥም እስከ ዲፖርት ሚያደርስ ነገር ነው። ዲኤምቪ፣ መንጃ ፈቃድ ሚሰጠው ቢሮ፣ ስትሄዱ ቅፁ ላይ ስለ ምርጫ ሚጠይቀውን ሳታነቡ አትፈርሙ፣ ካልገባችሁ ስልኬ አላችሁ፣ በየትኛውም ሰዓት ደውሉ። አምስት ዓመት የሞላችሁ ግን ለምንድነው ሲትዝንነት ማታመለክቱት? የዜግነት ክፍላችን ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍት ነው።

ቀኖቹን ያዙልኝ፣ በኦንላይን መመዝገቢያው ኦክቶበር 22 ያበቃል፣ ቀድሞ መምረጫው ከኦክቶበር 19 እስከ ኖቬምበር 1 ነው፣ ዋናው ቀን ኖቬምበር 5፣ ማክሰኞ። ከኋላ በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ልጆቻችን ይመዘግቧችኋል፣ ለማን ልትመርጡ እንደሆነ አይጠይቋችሁም፣ ከጠየቁ ንገሩኝ።

ለሁለቱም ካምፔኖች ደብዳቤ ፅፈናል፣ መጥታችሁ ጥያቄ መልሱ ብለን፣ እንጀራ ጎርሳችሁ ፎቶ ተነስታችሁ ሂዱ አላልናቸውም። ማይመጣ ካለ እንዳልመጣ ለአባላት እንነግራለን፣ ይሄን ማድረግ ህጉ አይከለክለንም። የናንተን ጥያቄ ግን እንፈልጋለን፣ ጠረጴዛችሁ ላይ ወረቀት አለ፣ በአማርኛ ፃፉት፣ ትርጉሙን እኛ እንሰራለን፣ ከምሳ በፊት ይሰበሰባል። ስብሰባው ተከፍቷል።