ኤች የተጻፈባት ሜዳ፦ ለሜይ ዴይ የተዘጋጀ ንግግር

እንደምን አደራችሁ፣ እንኳን ለሜይ ዴይ፣ ለሠራተኞች ቀን፣ በሰላም አደረሳችሁ። የሲሚንቶ ፋብሪካችን የሠራተኛ ማህበር ስለ ሥራ ላይ ደህንነት አስር ደቂቃ ተናገርልን ብሎኝ ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ፣ ሄልሜት፣ ጓንት፣ የአቧራ ማስክ ይላል፣ እሱን እንኳን ታውቁታላችሁ። ግን በር ላይ ስገባ ያቺን ሜዳ አየኋትና ልቤ እዛው ቀረ።

ከሲሚንቶ ማከማቻው፣ ከሲሎው፣ ጀርባ ያለችውን የሄሊኮፕተር ማረፊያ ነው የምላችሁ። አዲሶቹ ልጆች የበርበሬ ማስጫ ትመስላችኋለች፣ አልፈርድባችሁም፣ የሰፈሩ እናቶች ናቸው የሚጠቀሙባት። እኔ ግን ስትሠራ ነበርኩ፣ በራሳችን ሲሚንቶ ነው የተሞላችው፣ ነጭ ኤች፣ ሄሊኮፕተር እዚህ ይረፍ የሚለው ፊደል፣ ተጻፈባት፣ ዙሪያዋን አረንጓዴ መብራት፣ ጥግ ላይ ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ የሚያሳየው ጨርቅ። ባለቤቶቹ ይመጣሉ ከተባለ እኛ የሴፍቲ ልጆች ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ተነስተን ውሃ እንረጫለን፣ ምክንያቱም የሲሚንቶ አቧራ በሄሊኮፕተር ንፋስ ከተነሳ ፓይለቱ መሬቱን አያይም። አንዴማ በጣም ሞቃት ቀን ነበር፣ ፓይለቱ በዚህ ከፍታ በዚህ ሙቀት አየሩ ስስ ነው ሁሉንም ይዤ አልነሳም አለና ሁለቱ የቦርድ አባላት በላንድክሩዘር አኩርፈው ተመለሱ። ሳምንቱን ሙሉ ሳቅን።

ያልሳቅንበትን ቀን ደግሞ ልንገራችሁ። ፕሪሂተር፣ የድንጋዩ ዱቄት እቶን ከመግባቱ በፊት የሚሞቅበት ማማ፣ ላይ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ዱቄቱ የሚወርድበት ሳይክሎን ሲደፈን አየር በሚነፋ ቧንቧ፣ በላንስ፣ ይወጋል፣ ከዛ ስምንት መቶ ዲግሪ የሞቀ ዱቄት ድንገት እንደ ውሃ ይለቀቃል። በጠዋት ፈረቃ አንድ ልጅ ላይ ተለቀቀ። ሄሊኮፕተሩ ሜዳው ላይ ቆሟል! ሮጬ ሄጄ ልጁን ይውሰዱልን አልኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው፣ የቦርድ ነው፣ ሳያልቅ አይነሳም ተባልኩ። በፒክአፕ፣ ፍራሽ አንጥፈን፣ በዛ ኮረኮንች ወሰድነው፣ ጉድጓድ በነካን ቁጥር ይጮህ ነበር። ነፍሱ ተርፋለች፣ ቀኝ እጁ ግን አልተረፈም። ውሃ የረጨሁላት ሜዳ እኮ ናት!

አሁን ባለቤቶቹ መምጣት ትተዋል። መተዋቸው አይደለም ያናደደኝ። ለአዲሱ የሲሚንቶ ማሸጊያ፣ ለፓኪንጉ፣ ሲባል የመብራት ሽቦ በሜዳዋ ጫፍ ተዘርግቷል፣ ኤቿ ግን እስከዛሬ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ከላይ የሚመጣ ፓይለት፣ ሞተሩ የታመመበት፣ ሽቦ አይታየውም፣ ኤች ነው የሚታየው። ውረድ ብላችሁ ጽፋችሁ ወጥመድ ትዘረጋላችሁ? ማረፊያ ከተዘጋ ኤቹ ይጠፋል፣ ካልጠፋም ላዩ ላይ ትልቅ ቢጫ ኤክስ ይቀባል፣ ይኸው ነው ሥራው።

ኒውዮርክ የፓን አም አየር መንገድ ህንፃ ጣሪያ ላይ፣ 59 ፎቅ ላይ፣ ማረፊያ ነበር። በፈረንጆቹ 1977 ሜይ ወር ላይ አንድ የቆመ ሄሊኮፕተር የላይ ክንፉ እየዞረ እግሩ ተሰበረና ዘመመ፣ ሊሳፈሩ ከነበሩት 4 ሰዎች ገደለ፣ ስባሪው ታች ወርዶ መንገድ ላይ የምትሄድ ሴትዮም ገደለ። ከዛ በኋላ ዘጉት። እኛ ጋ ሰው እስኪሞት ነው የሚጠበቀው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 ደህንነታችንን መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል፣ ኤክስ ለመቀባት ቦርድ መሰብሰብ አለበት? አጨብጭቡ እንጂ፣ ምን ያስፈራችኋል፣ ማኔጀሩም ተቀጣሪ ነው!

ወይ ደግሞ ሽቦውን አንሱና ሜዳዋ ለተጎዳ ሰው ትሁን፣ መብራቷ ይጠገን፣ ሄሊኮፕተር የሚጠራበት ስልክ ቁጥር ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከሁለቱ አንዱን።

ወረቀቴ ላይ የቀረው... ጓንት አድርጉ። ማስክ አድርጉ። የጆሮ መከላከያውን ኪሳችሁ ውስጥ አትክተቱት።

ቢጫ ቀለሙን እኔ እገዛለሁ፣ ሮለር ቤቴ አለ፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ የሚያግዘኝ ሁለት ሰው ነው የምፈልገው። መሰላል አያስፈልግም፣ መሬት ላይ ነው የምንቀባው። ማይኩን ውሰዱልኝ።