ሴቭ ብዬ ወጣሁ፣ ከዚያ አልነሳ አለ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ርዕሴ ሰዎች ባዮስን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት ተነስቶ ዕቃዎቹን የሚያዘጋጀውን ፕሮግራም፣ ነክተው ደንግጠው የሚደውሉልኝ ነገር ነው። "ባዮስ ገብቼ የሆነ ነገር ቀየርኩ፣ ኤፍ 10 ተጫንኩ፣ ሴቭ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ በቃ፣ አልነሳ አለ።" ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፦ "ማዘርቦርዱ ተቃጠለ እንዴ?"

አብዛኛውን ጊዜ አልተቃጠለም። ይህን አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው። ቮልቴጅ ከፍ አድርጎ የነካካ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ሌላው ግን ይረጋጋ።

የባዮስ ሴቲንግ የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች፣ በተለምዶ ሲሞስ በምትባል ትንሽዬ ሚሞሪ ውስጥ ነው። አሠራሩ የቆየ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ፒሲ ኤቲ ላይ ይህቺ ሚሞሪ 64 ባይት ብቻ ነበረች፣ ያውም ጥቂቱ ለሰዓትና ለቀን ተይዞ። ሴቭ ስትሉ አዲሱ ትእዛዝ እዚያ ይጻፋል። ማሽኑ ሪስታርት ያደርጋል፣ የተጻፈለትን ያነባል፣ እንደተባለው ለመነሳት ይሞክራል። ትእዛዙ ከከበደው ይቆማል። ዕቃው ግን ያው የትናንቱ ዕቃ ነው።

ስለዚህ ለሚደውልልኝ ሰው ሁለት ጥያቄ አለኝ። ምን ቀየርክ? እስከ የት ሄዶ ነው የሚቆመው? ፋኑ እየዞረ ሞኒተሩ ጭልም ካለ አንድ ነገር ነው። ሎጎው መጥቶ "የሚነሳ ዲስክ የለም" ካለ ሌላ ነው። ዊንዶውስ ጀምሮ ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ ደግሞ ሌላ። ሦስቱም ለየቅል ናቸው፣ መፍትሔያቸውም እንዲሁ።

ጭልም የሚለው ብዙ ጊዜ ከራም ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ዲዲአር5 የሚባለው አዲሱ ትውልድ ራም ሳይነካ 4800 ፍጥነት ላይ ይነሳል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው 6000 የሚገኘው ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለው የራም ማፍጠኛ ሴቲንግ ሲበራ ነው። እሱን አብርታችሁ ሴቭ ስትሉ ማሽኑ ራሙን እንደ አዲስ ይፈትሻል፣ ምን ያህል እንደሚችል ይለካል። ይህ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፣ በተለይ ራሙ ብዙ ከሆነ። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም፣ ፋኑ ይዞራል፣ ሰው ይጨነቅና መብራቱን ያጠፋል። ከዚያ ፍተሻው ከመጀመሪያው ይጀምራል።

እኔ እንደዚያ ጊዜ ዓይኔን ከሞኒተሩ አንስቼ ማዘርቦርዱ ላይ አደርጋለሁ። ብዙዎቹ አራት ጥቃቅን መብራቶች አሏቸው፤ ለሲፒዩ፣ ለራም፣ ለግራፊክስ ካርድና ለቡት። የራሟ መብራት በርታ ትቆያለች። ትንሽ ቆይታ ትጠፋና የሚቀጥለው ይበራል። መብራቱ ከተራመደ ሥራው እየተሠራ ነው፣ ተውት። ብዙ ደቂቃ አልፎም ፍንክች ካላለ ያኔ እጃችሁን አስገቡ።

ሁለተኛው ዓይነት፣ "የሚነሳ ዲስክ የለም" የሚለው፣ የበዛው ዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣ ወዲህ ነው። ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቁልፍ የሚይዝ ቺፕ) እና ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክል ሴቲንግ) ሲጠየቅ፣ ባዮስ ገብቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ገባ። ሲኤስኤም የሚባለውን፣ በድሮው መንገድ መነሳት የሚፈቅደውን ሴቲንግ፣ አጠፋ፣ ሴቭ አለ። ዲስኩ በድሮው መንገድ፣ በኤምቢአር የተከፈለ ከሆነ ዊንዶውሱ ከዚያ በኋላ አይነሳም። ፋይሉ ግን አንድም አልጠፋም። ተመልሳችሁ ሲኤስኤም ስታበሩት እንደ ድሮው ይነሳል። ከዚያ ኤምቢአር2ጂፒቲ በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ፋይል ሳይነካ የዲስኩን አከፋፈል ወደ አዲሱ መንገድ መቀየር ይቻላል፤ እንደዚያም ሆኖ መጀመሪያ ባክአፕ ያዙ። የሳታ ሞድን (ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ) መቀየርም እንዲሁ ነው፤ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፣ ወደነበረበት ሲመለስ ይሄዳል።

እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። "ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ" ይባላል። በአንዲት መስመር ሴቲንግ ምክንያት የዓመታት ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሟች አባት ድምፅ ይጠፋል። እባካችሁ፣ መጨረሻ ላይ የነካችሁትን ሳትመልሱ ዲስኩን ማንም እንዲነካ አትፍቀዱ። አዲስ ዕቃም አትግዙ።

ባዮስ መግባት ራሱ እምቢ ካለ ሴቲንጉ ይጥፋ። ኮምፒውተሩን አጥፉና ከሶኬቱ ንቀሉት። መንቀሉ ግድ ነው፤ ካልተነቀለ ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት እየላከ ማዘርቦርዱን ንቁ ያደርገዋል፣ ባትሪውን ብታወጡም ላይረሳ ይችላል። የማብሪያውን በተን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አፍስሱት። ከዚያ አጠገባቸው ክሊር ሲሞስ ተብሎ የተጻፈ ሁለት ቀጫጭን ፒኖችን ፈልጉ። ቦታቸው ማዘርቦርዱ ማኑዋል ላይ አለ። በካቻቢቴ ጫፍ ሁለቱን ባንድ ላይ ነክታችሁ አሥር ሰከንድ ያህል ያዙ። ፒኑ ከሌለ ክቧን ባለ 3 ቮልት ባትሪ፣ ሲአር2032ን፣ አውጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። አንዳንድ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ ባትሪ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ለዚህ ነው ፒኖቹን የማስቀድመው።

ሲነሳ ሰዓቱና ቀኑ ቢዛባ አይግረማችሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የሚጠፋው የመጨረሻው ለውጥ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም ነው። ዲስኩ ድሮ ሬይድ ላይ (ብዙ ዲስክ እንደ አንድ በሚሠራበት ሞድ) ከነበረ እሱንም መልሳችሁ ማስተካከል አለባችሁ። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ የበራ ከሆነ ደግሞ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት ቁልፉ የት እንዳለ እወቁ፣ የእያንዳንዱን ገጽ ፎቶ በስልክ አንሱ። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ አስነሱ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው።

ብዙ ሰው አንዴ ከደነገጠ በኋላ ባዮስ ዳግመኛ አይነካም። ይህ ያሳዝነኛል። ማሽኑ የራሳችሁ ነው፣ ውስጡን የማወቅ መብት አላችሁ።

ሲሞሱ ተጠርጎም ጨለማ ከሆነስ? አንድ ራም ብቻ አስቀሩ። አራት ማስገቢያ ባለው ማዘርቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቦታው ከሲፒዩው ሁለተኛው ነው። ሲፒዩው የራሱ ግራፊክስ ካለው ካርዱን አውጡና ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ሰኩ። አሁንም እምቢ ካለ፣ አንዳንድ ማዘርቦርዶች ባዮሱን ከፍላሽ እንደ አዲስ የሚጭን በተን ከኋላቸው አላቸው፤ እሱን ሞክሩ። ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርድ የምጠረጥረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለዛሬ በዚህ ይብቃን፣ ደህና ሁኑ።