«ገንዘብ የለም» ሲሉን

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አምና የመክፈቻ ንግግሬ ረዝሞ የምሳ ሰዓታችሁን እንደበላ አልረሳሁትም። ዘንድሮ ሂሳብ ያዣችን የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። እሱን እያየሁ ነው የማወራው። አንድ ነገር ላስቀድም፤ ዓመት ስጠራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ወደዚህ ማኅበር ከመምጣቴ በፊት ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል ሠርቻለሁ። በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያዬ ብድር ጸደቀ። ተበዳሪው ከፊቴ ተቀምጧል። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሟል። ባንክ ማለት የአንዱን ቁጠባ ተቀብሎ ለሌላው የሚያበድር ነው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ዞር ብዬ ጠየቅሁ፤ «ገንዘቡ ከየትኛው ሂሳብ ነው የሚቀነሰው?»

አለቃዬ ሳቀ። «ከየትም አይቀነስም። ጻፈው።»

ጻፍኩት። ያንኑ አኃዝ፣ ሁለት ቦታ። በአንዱ መስመር ደንበኛው ለባንኩ ዕዳ አለበት። በሌላው መስመር ባንኩ ለደንበኛው ዕዳ አለበት። ይሄኛው ነው የደንበኛው ተቀማጭ የሚባለው። ኢንተር ስመታ የማንም ቆጣቢ ሂሳብ ንቅንቅ አላለም። ሰውየው ግን ከወንበሩ ሳይነሳ ገንዘብ ነበረው። ከደቂቃ በፊት የትም ያልነበረ ገንዘብ።

ያን ቀን እንቅልፍ አጣሁ ብል ማጋነን ይሆናል። ግራ እንደገባኝ ግን ተኛሁ።

ከዓመታት በኋላ፣ በ2014፣ የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ በየሩብ ዓመቱ በሚያወጣው መጽሔት ነገሩን ፊት ለፊት ጻፈው። ባንኮች ሲያበድሩ አዲስ ተቀማጭ ይፈጥራሉ፣ አዲስ ገንዘብም የሚፈጠረው በዋናነት እንዲህ ነው አለ። በወቅቱ በብሪታኒያ በዝውውር ላይ ከነበረው ገንዘብ 97 ከመቶው የባንክ ተቀማጭ ነበር። ወረቀቱና ሳንቲሙ 3 ከመቶ ቢሆን ነው። ገንዘብ ሲነሳ በዓይናችን የሚመጣው የማተሚያ ማሽን እንግዲህ የነገሩ ጅራት ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወዳጆቻችን ይስታሉ። ባንክ እንዳሻው ይጽፋል ማለት አይደለም። ተበዳሪው ገንዘቡን ወደ ሌላ ባንክ ሲልክ አበዳሪው ባንክ ማዕከላዊ ባንክ ካለው ሂሳቡ መክፈል አለበት። የካፒታል መስፈርት አለበት፤ ከሚያበድረው ጋር የሚመጣጠን የባለቤቶቹ የራሳቸው ገንዘብ ሊኖረው ይገባል። ብድሩ ካልተመለሰ ኪሳራው የራሱ ነው። ሲመለስ ደግሞ የተጻፈው ይፋቃል፣ ገንዘቡም አብሮ ይጠፋል። ነገሩ ልጓም አለው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ልጓሙን ማን እንደያዘው ነው።

የሌላ ቀን ላጫውታችሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ፋይል አለ። አንዱ ሰውዬ ሁለተኛ ቤት ሊገዛ ነው። ቤቱ ተሠርቶ ያለቀ፣ ሰው ሲኖርበት የቆየ ነው። ሌላዋ የብረታ ብረት ሥራ ያላት ሴትዮ ናት። የመቁረጫ ማሽን ልትገዛ ነው። የተፈረመ የሥራ ትእዛዝ በእጇ ይዛለች። ቅጻችን ላይ «የብድሩ ዓላማ» የምትል አንዲት ጠባብ መስመር ነበረች። «መያዣ» የሚለው ክፍል ግን ገጽ ተኩል ይሆናል። የሰውየው ብድር በሦስት ቀን አለቀ። የሴትዮዋ ፋይል ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ውድቅ ሆነ። ውድቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ፊርማዬ አለበት።

ልቤ ክፉ ሆኖ አይደለም። ጨዋታው እንዲያ ስለተሠራ ነው። በ1988 የበለጸጉት አገሮች የባንክ ተቆጣጣሪዎች በስዊዘርላንዷ ከተማ ባዝል በተስማሙበት ደንብ፣ ለድርጅት 100 የሚያበድር ባንክ 8 ካፒታል ይይዛል። ለመኖሪያ ቤት በዚያው ቤት መያዣነት 100 ሲያበድር ግን 4 ይበቃዋል። እስቲ ለአፍታ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሁኑ። የቱን ትመርጣላችሁ? አዲስ ገንዘብ ማሽኑን ትቶ ወደ ነባሩ ቤት እንዲያዘነብል የምትገፋ አንዲት አኃዝ ናት። ለዚያች አኃዝ ድምፅ የሰጠ መራጭ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ሁሉን በባዝል ማላከክ አልፈልግም፤ ጉዞው ቀድሞ የጀመረ ነው። የኢኮኖሚ ታሪክ አጥኚዎች የ17 የበለጸጉ አገሮችን መዝገብ አገላብጠዋል። በ1900 አካባቢ ከባንክ ብድር ለቤትና ለመሬት የሚሄደው 30 ከመቶ ገደማ ነበር። አሁን 60 ከመቶ ገደማ ደርሷል። ብድሩ ነባሩን ቤት ሲያሳድድ ዋጋው ይወጣል። ዋጋው ሲወጣ መያዣው ይወፍራል። መያዣው ሲወፍር ብድሩ ይጨመራል። ሩጫው በ2008 ወደ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ቀውስ እንዴት እንዳደረሰን ታስታውሳላችሁ።

ዓይን የገለጠው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለባቡር ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ «ገንዘብ የለም» ነበር። ባንኮች ሲንገዳገዱ ግን ተገኘ። በ2009 የአሜሪካ ፌደራል ሪዘርቭ ሊቀ መንበር ቤን በርናንኬ በቴሌቪዥን ቀርበው፣ የምታወጡት የግብር ከፋዩን ገንዘብ ነው ወይ ተብለው ተጠየቁ። የግብር ገንዘብ አይደለም፤ ባንኮች እኛ ዘንድ ሂሳብ አላቸው፤ በኮምፒውተር አኃዙን ከፍ እናደርግላቸዋለን የሚል ነበር መልሳቸው። ይሄ እኮ የአለቃዬ ቃል ነው። ጻፈው።

የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክም በዚያው ዓመት መጋቢት ቦንድ፣ ማለትም የዕዳ ሰነድ፣ መግዛት ጀመረ። ከወረርሽኙ በኋላ ጣሪያ ሲነካ የያዘው ቦንድ 895 ቢሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር። ስጦታ አልነበረም፣ ግዢ ነው። ግን አዲስ በተጻፈ ገንዘብ ቦንድ ሲገዛ የቦንዱም የአክሲዮኑም ዋጋ ይወጣል። አክሲዮን ያለው ማን ነው? ባንኩ ራሱ በ2012 እንደጻፈው፣ ከጡረታ ፈንድ ውጪ ካለው የቤተሰቦች የፋይናንስ ሀብት 40 ከመቶው በ5 ከመቶው ቤተሰቦች እጅ ነበር። ላለው ይጨመርለታል ማለት ይሄ ነው።

መግዛት አልነበረባቸውም አልልም። ባይገዙ ሥራ አጡ ይብስ እንደነበር አምናለሁ። ግን አዲሱ ገንዘብ መጀመሪያ በማን በር ይግባ የሚለው ምርጫ ነበር። በሌላ በር ማስገባትም ይቻል ነበር። ያን ሌላ በር ማንም አላሳየንም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም።

በነገራችን ላይ «መንግሥት እንደ ቤተሰብ ነው፣ ከገቢው በላይ ማውጣት የለበትም» የሚለው አባባል ሆን ተብሎም ባይሆን ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ቤተሰብ ገንዘብ መጻፍ አይችልም። በራሱ ገንዘብ የሚበደር መንግሥት ግን ይችላል። ልብ በሉ፣ በራሱ ገንዘብ ነው ያልኩት። ዕዳው በዶላር የሆነ አገር ሌላ ጣጣ ውስጥ ነው፤ ዶላር መጻፍ የምትችለው አገር አንዲት ናት። ዩሮን የተቀበሉት ደግሞ ማዕከላዊ ባንካቸው ለመንግሥት በቀጥታ እንዳያበድር በማስትሪክት ውል ራሳቸው ከልክለዋል። ይሄም የፈረሙት ምርጫ ነው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ጀርመን! 1923!» ልትሉኝ አፋችሁን እንደከፈታችሁ አያለሁ። ትክክል ናችሁ። በዚያ ዓመት ኅዳር አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ገባ። የሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባ አመድ ሆነ። በዚህ የሚቀልድ ሰው ጓደኛዬ አይደለም። ገንዘብ መጻፍ ገደብ አለው። ገደቡም ያለን እጅ፣ ያለን ሙያ፣ ያለን ሲሚንቶና መብራት ነው። ሐኪም በሌለበት ለሆስፒታል ገንዘብ ብትጽፍ የምታገኘው ሐኪም አይደለም፣ የዋጋ ንረት ነው። ግን ታሪኩን ስንጠቅስ ሙሉውን እንጥቀስ። የጦርነት ካሣ ነበረ። የሩር የኢንዱስትሪ ግዛት በፈረንሳይና በቤልጂየም ጦር ተይዞ ሥራ ላቆሙት ሠራተኞች ደመወዝ የሚከፈለው በሚታተም ማርክ ነበር። ለትልልቅ ኢንዱስትሪዎችም ማዕከላዊ ባንኩ በርካሽ ያበድር ነበር። ያ ማዕከላዊ ባንክ ደግሞ ከ1922 ጀምሮ በሕግ ከመንግሥት ነፃ የሆነ ነው። ከፖለቲከኛ እጅ መውጣት ብቻውን አላዳነውም።

ነፃነቱንም ቢሆን የሰጠው ፖለቲካ ነው። የኒው ዚላንድን ነገር እዩ። ፓርላማዋ በ1989 ማዕከላዊ ባንኩ የዋጋ መረጋጋትን ብቻ እንዲጠብቅ ሕግ አወጣ። በ2018 ሥራ ስምሪትንም ይጠብቅ ብሎ ጨመረበት። በ2023 መጨረሻ መንግሥት ሲቀየር ሥራ ስምሪቱን መልሶ አወጣው። የትኛው ትክክል እንደነበር ዛሬ ከሰዓት ተከራከሩበት። እኔ የምወደው ነገሩ በአደባባይ ክርክርና በድምፅ ብልጫ መሆኑን ነው። የፊዚክስ ሕግ ነው ያለ የለም።

አሁን ወደምወዳቸው ሰው ልምጣ። ጌይል ሲንኮታ የቺካጎ እናት ነበሩ፣ የስድስት ልጆች እናት። ኢኮኖሚስት አልነበሩም። በ1930ዎቹ በአሜሪካ ከተሞች የጥቁሮች ሰፈር በካርታ ላይ ቀይ እየተቀባ «አደገኛ» ተብሎ ነበር። ሲንኮታ በሠፈራቸው ያዩት የዚያን ውርስ ነው። ባንኩ የሠፈሩን ሰው ቁጠባ ይቀበላል። ብድር ሲጠየቅ ግን የለም። ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ተነሱ። ጥያቄያቸው መጀመሪያ ላይ «አበድሩን» አልነበረም። «ለማን እንደምታበድሩ አሳዩን» ነበር። በ1975 ኮንግረስ የቤት ብድር የት ሠፈር እንደተሰጠ ባንኮች በይፋ እንዲያሳውቁ ሕግ አወጣ። መዝገቡ ሲከፈት ባዶው ሠፈር ታየ። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1977፣ ባንኮች ቁጠባ የሚሰበስቡበትን ማኅበረሰብ የብድር ፍላጎት እንዲያሟሉ የሚያዝ ሌላ ሕግ ተከተለ። አድልዎው በዚያ አልጠፋም። ግን ማንም ከዚያ በኋላ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎ መካድ አልቻለም።

የእንግሊዝ ፓርላማ ስለ ገንዘብ አፈጣጠር የተወያየው ኅዳር 2014 ነው። አዘጋጆቹ እንዳሉት ከ1844ቱ የባንክ ሕግ ወዲህ፣ ማለትም በ170 ዓመት፣ የመጀመሪያው ነው። አዳራሹ ጭር ብሎ ነበር። ስዊዞች ደግሞ በ2018 የግል ባንኮች ገንዘብ መፍጠር ያቁሙ ወይ ተብለው ሕዝበ ውሳኔ ሰጡ። ከአራቱ ሦስቱ አይሆንም አሉ። እኔም ብኖርበት አይሆንም የምል ይመስለኛል፣ አትቆጡኝ። ግን ተጠይቀዋል። እኛ መቼ ተጠየቅን?

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ዛሬ ሁለት የውሳኔ ሐሳብ ያቀርብላችኋል። አንደኛው፣ ባንኮች በየዓመቱ ያበደሩት አዲስ ብድር ለምን ዓላማና በየትኛው አካባቢ እንደሆነ በይፋ ይታተም ነው። የግለሰብ ስም አንፈልግም፣ ድምሩን ብቻ። ያቺ «የብድሩ ዓላማ» የምትል ጠባብ መስመር ትስፋ። ሁለተኛው፣ በጀት በፓርላማ እንደሚመከርበት ሁሉ የብድርም አቅጣጫ በዓመት አንድ ቀን ይመከርበት ነው። የዕለቱን የወለድ መጠን ፓርላማ ይወስን አላልንም። ለማን፣ ለምን የሚለውን ግን ይስማ፣ ይጠይቅ።

በሦስተኛው ላይ አልተስማማንም፣ አልደብቃችሁም። የሕዝብ ባንክ ይስፋፋ ወይስ አይስፋፋ የሚለው ነው። እኔ ይስፋፋ ባይ ነኝ። በአሜሪካዋ ኖርዝ ዳኮታ ገበሬዎች የግዛቱን ምክር ቤት በምርጫ ይዘው በ1919 ያቋቋሙት ባንክ ዛሬም የግዛቱ ንብረት ሆኖ ይሠራል። ምክትሌ ግን ህንድን አንስታ አፌን አስያዘችኝ። ህንድ በ1969 ትልልቆቹን 14 ባንኮች ወርሳ፣ ውላ አድራም ከብድራቸው 40 ከመቶው ለእርሻና ለአነስተኛ ሥራ እንዲሆን አዘዘች። ባንክ ያልረገጠው ገጠር ባንክ አየ። ምርጫ ሲቃረብ የመንግሥት ባንኮች የእርሻ ብድር ከፍ እንደሚልም ታየ። ምክትሌ «ልጓሙን ከባንከኛው ነጥቀህ ለካድሬው ልትሰጥ ነው?» አለችኝ። እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘሁላትም። ከሰዓት በኋላ ሁላችሁም ታግዙኛላችሁ፣ ወይም ታግዟታላችሁ።

ሂሳብ ያዣችን ሰዓቱን ወደ እኔ አዙሯል። ቀጥሎ የዓመቱን ሪፖርት የሚያቀርበው እሱ ነው። ማኅበራችን ገንዘብ የመጻፍ ሥልጣን የለውም፤ ስለዚህ እሱ «ገንዘብ የለም» ሲላችሁ እመኑት። የዘንድሮን መዋጮ ያልከፈላችሁ፣ ጠረጴዛው በሩ አጠገብ በስተግራ ነው።