የኮንቶግሉ ሥዕልና የወይራ ዘይት ጣጣ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬው እንግዳችን የሥዕል ጥገና ባለሙያ ናቸው። ስለ ግሪካዊው ሠዓሊ ስለ ፎቲስ ኮንቶግሉ የቀረቡላቸውን ጥያቄዎች ይመልሳሉ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰውየው ግሪካዊ ነው ወይስ ቱርካዊ?

መልስ፦ ግሪካዊ ነው። በ1895 የተወለደባት፣ ዛሬ በቱርክ ያለችው የአይቫሊክ ከተማ ያኔ በኦቶማን ግዛት ሥር ብትሆንም ነዋሪዋ ግሪክ ነበር። አባቱን በሕፃንነቱ አጥቶ ያሳደጉት የእናቱ ወንድም የገዳም አበምኔት ነበሩ። በ1922 በግሪክና በቱርክ ጦርነት ሳቢያ የከተማዋ ግሪኮች ሲፈናቀሉ እርሱም ተሰዶ ሌስቦስ ደሴት ገባ፤ ኋላም አቴንስ ተቀመጠ።

ጥያቄ፦ ፓሪስን አይቶ የተመለሰ ሰው ለምን የድሮ ሥዕል ይሥላል? ዘመናዊ ሠዓሊ የሚባለውስ በምኑ ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ የማልሰማበት ሳምንት የለም። በ1923 ወደ አቶስ ተራራ ወጥቶ በገዳማቱ ያሉትን የጥንት ሥዕሎች ካየ በኋላ መንገዱን ቆረጠ። ግን ገልባጭ ብቻ አልነበረም። በ1932 የገዛ ቤቱን ግድግዳ ከተማሪዎቹ ጋር ሣለ። ከ1937 እስከ 1940 ደግሞ የአቴንስን ማዘጋጃ ቤት የግሪክን አፈ ታሪክና ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስልት አለበሰው። ይህን ከእርሱ በፊት ማን ደፈረ? ተማሪዎቹ ያኒስ ጻሩኪስና ኒኮስ ኤንጎኖፑሎስ ከእርሱ ተምረው፣ አንዱ መርከበኞችን፣ ሌላው ፊት አልባ ሰዎችን ሣሉ። ለምዕራቡ የሃይማኖት ሥዕል የነበረው ንቀት ግን ለእኔ ከመጠን ያለፈ ነው።

ጥያቄ፦ በሥዕሉ ሀብት አገኘ?

መልስ፦ የለም። በጀርመን ወረራ ዘመን በረሃቡ ምክንያት ያንኑ ቤት ሸጠ። የግድግዳው ሥዕል ዛሬ ተነቅሎ በአቴንስ ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ይገኛል።

ጥያቄ፦ እናቴ ያቆየችልኝ በእንጨት ላይ የተሣለ ሥዕለ ማርያም ጠቁሯል። ጎረቤቴ ‘በሽንኩርት አሽተሽ የወይራ ዘይት ቀቢው፤ እነኮንቶግሉም እንዲህ ነበር የሚያጸዱት’ አለችኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እጅሽን ሰብስቢ! ጎረቤትሽም እጇን ትሰብስብ። ኮንቶግሉ በአቴንሱ የቢዛንታይን ሙዚየምና በካይሮው የኮፕቲክ ሙዚየም ሥዕል ጠግኗል፤ በደቡብ ግሪክ ባለችው የጥንት ከተማ በሚስትራስም የጥንት የግድግዳ ሥዕሎችን አጽድቷል። ያ ሥራ ሙያ ነው፤ ሽንኩርት ይዞ የሚገባበት ወጥ ቤት አይደለም። እንዲህ ያለው ሥዕል እንጨት፣ በእንጨቱ ላይ በሙጫ የተለወሰ ጄሶ፣ ከዚያ ቀለም፣ በላዩ ቨርኒሽ ነው። የጠቆረው አብዛኛውን ጊዜ ቨርኒሹና የሻማው ጥላሸት ነው፤ ቀለሙ ከሥር አለ። ውኃ ስታስነኪው ጄሶው ያብጣል፤ ሲደርቅ ይፈረፈራል። የሽንኩርትና የሎሚ አሲድ ቀለሙን ይበላል። አልኮል ቨርኒሹን ሲያሟሟ ቀለሙንም ይዞ ይሄዳል። ዘይት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ምክንያቱም ያታልላል። በቀባሽው ዕለት ፊቷ ሲፈካ ደስ ይልሻል፤ ቆይቶ ግን አቧራውንና ጭሱን እየያዘ ከበፊቱ ያጠቁረዋል፤ ወደ ስንጥቁ የገባውንም እኔ እንኳ አላወጣውም። የቤት ዕቃ ቨርኒሽ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ሁሉም ይቅር። ሻማውን አርቂ። ቀለሙ ካልተላቀቀ አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ አራግፊ። የረገፈ ቅርፊት ካለ በወረቀት ጠቅልለሽ አስቀምጪ፤ ሥዕሉን ፊቱን ወደ ላይ አድርገሽ ወደ ጥገና ባለሙያ ውሰጂ።

ጥያቄ፦ በአቴንስ የገዛሁት ሥዕል የኮንቶግሉ ፊርማ አለበት። እውነተኛ ነው?

መልስ፦ በስልክ አልፈርድም። በአጉሊ መነጽር ስታየው ጥቃቅን ነጠብጣብ ከታየህ ኅትመት ነው። ካልታየህ ለሙዚየም ባለሙያ አሳይ። ፊርማው በደንብ እንዲታይ ብለህ ግን ዘይት እንዳትቀባው!

ጥያቄ፦ በእንቁላል ቀለም መሣል መማር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጎበዝ ልጅ። አስኳሉን ከነጩ ለይ፤ ሽፋኑን ወጋ አድርገህ አፍስሰው፤ ትንሽ ውኃና የኮምጣጤ ጠብታ ጨምረህ ከቀለም ዱቄት ጋር ለውስ። ኮንቶግሉም በ1960 ባሳተመው መማሪያ አሠራሩን ዘርዝሮታል። ከዱቄቶቹ መርዛማ አለና ብሩሽህን በአፍህ አታሹል፤ የትኛው እንደሆነ አስተማሪ ጠይቅ። አስኳሉ ከሸተተ ድፋውና ሌላ ስበር።