እድራችን ለህያዋንም ይድረስ
(ለደብረ ሲና እድሮች ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች፣ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ? በዚህ ብርድ ማልዳችሁ ስለተገኛችሁ ፈጣሪ ያክብርልን።

ከተማችን ትንሽ ናት። ወደ ደሴ የሚሄደው መንገደኛ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ይወርዳል፣ ቆሎውን ይገዛል፣ ይቀጥላል። እኛ ግን እዚሁ ነን፣ እንተዋወቃለን። ሰው ሲሞት ጡሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። በዚህ ማንም አይታማም።

ዛሬ የማነሳው ግን ከድንኳኑ በፊት ስላለው ጊዜ ነው። ሰው ታሞ ወራት ሲተኛ እድሩ የት ነው? ይህን በመጠየቅ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ስንቱን ቤት ሲዘጋ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሻሉ። በሽተኛ ማስታመም፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። ደንብ የሚሻሻለው በጉባኤ ነው። እኛም ጉባኤ ላይ ነን።

ለምሳሌ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን እንይ። በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረ ነው። በጣም ድሃ ለሆነው መንግሥት ይከፍልለታል። አቅም ያለው ራሱ ይከፍላል። መሃል ላይ ያለውስ? ቆሎ ሸጣ ልጆች የምታሳድግ እናት፣ ዛሬ ሠርቶ ነገ ሥራ የሚያጣ የቀን ሠራተኛ፣ እነዚህ የድሃ ድሃ ተብለው አይመዘገቡም። የዓመቱን መዋጮ በአንድ ጊዜ ማውጣትም ይከብዳቸዋል። የምዝገባው ጊዜ ያልፋል፣ ልጅ ይታመማል፣ ከዚያ አራጣ ነው። እድር ደግሞ ጥሬ ገንዘብ አለው። ለአባሉ በወቅቱ ቢከፍልለትና ከወርሃዊው መዋጮ ጋር ቀስ እያለ ቢቀበለው ምን ይጎዳዋል? እኔ ምንም አይታየኝም። ካዝናው ይራቆታል የምትሉ ካላችሁ እንነጋገርበት፤ ጣሪያ እናበጅለት።

ሌላው፣ እኛ ረጂዎቹ አንነጋገርም። መስከረም ሲጠባ አንዱ ልጅ ከሦስት ቦታ ደብተር ያገኛል፣ ጎረቤቱ ባዶ እጁን ይገባል። ቸርነት አላነሰንም፣ መረጃው ነው የተበታተነው። የጋራ መዝገብ ይኑረን። አደራ የምላችሁ ግን፣ መዝገቡ ከተመረጡ ሰዎች እጅ አይውጣ። የሰው ችግር በአደባባይ አይነበብም። ለፎቶ ተሰልፎ ዘይት መቀበልም ይቅር።

የእድር አባል ያልሆኑትንም አንርሳ። ተከራዩ፣ ተፈናቅሎ የመጣው፣ መዋጮ አቅቶት የተሰረዘው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ብዙዎቻችን ሸሽተን ሰው ደጅ ላይ ወድቀን ነበር። ያን ጊዜ ያስጠጉን ሰዎች የየትኛው እድር አባል ነህ አላሉንም።

በመድኑ ጉዳይ ከምሳ በፊት ድምፅ እንሰጣለን። መዝገቡን የሚይዙ ሰዎችንም ዛሬውኑ እንመርጣለን፤ ከሴቶቹ ሁለት ቢገቡ ደስ ይለኛል፤ የማን ጓዳ ባዶ እንደሆነ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ጉባኤው ተከፍቷል።