ቀላሉ ቁስለኛ ቀድሞ ሲደርስ

ቤዛ፦ ዛሬ ወሬያችን መሀል ከተማ ነው። መስቀል አደባባይ ሰው ግጥም ባለበት ቀን አደጋ ቢደርስ...

ዳዊት፦ ኧረ አታሟርቺ!

ቤዛ፦ ምን ሟርት አለው፣ ደርሶብናል እኮ። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. ሰልፉ ላይ ቦምብ ፈንድቶ 2 ሰው ሞተ፣ ከ150 በላይ ቆሰለ። ያን ሁሉ ሰው አንድ ሆስፒታል ይችለዋል?

ዳዊት፦ ሰው ግን ወደሚያውቀው ነው የሚሮጠው። ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው፣ የማያውቀውም የለም።

ቤዛ፦ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በየአገሩ ተደጋግሞ የታየ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው የባሰበት አይደለም። በእግሩ መሄድ የቻለው፣ ታክሲ ያገኘው ነው። ራሱን የሳተው፣ ፍርስራሽ ስር የተቀበረው ዘግይቶ ይመጣል። ያኔ አልጋው ተይዟል፣ ሐኪሙም የሰው ክንድ እየሰፋ ነው።

ዳዊት፦ በር ላይ የሚለይ የለም?

ቤዛ፦ ትሪያጅ አለ እንጂ፤ ቁስለኛውን እንደ ጉዳቱ ክብደት በቀለም መለየት ማለት ነው። ቀይ ማለት አሁኑኑ ካልታከመ የሚሞት ነው። ቢጫ ትንሽ ይቆያል፣ አረንጓዴ ብዙ ይቆያል። ጥቁር የሞተ ነው፤ ወይም ባለው አቅም የማይተርፍ።

ዳዊት፦ ጥቁሩ ይከብዳል። ወንድሜ ተኝቶ ነርሷ አልፋው ስትሄድ ዝም የምል አይመስለኝም።

ቤዛ፦ ማንም ዝም አይልም። ለዛ ነው ቤተሰብ የሚያነጋግር ሰው አስቀድሞ መመደብ ያለበት። እኛ ጋ ደግሞ አንዱን ቁስለኛ አጅቦ የሚመጣው መንደሩ ነው። ዘመድ የሚቆምበት ቦታ ያላሰበ ዕቅድ በሩ ላይ ይፈርሳል።

ዳዊት፦ አምቡላንስ ቢጨመርስ?

ቤዛ፦ ይጨመር፣ ማን ጠላ! ቀይ መስቀል 907፣ እሳት አደጋ 939፤ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ግን ሰዉ አምቡላንስ ቆሞ አይጠብቅም። ያገኘው ሚኒባስ ላይ ይጭናል። ዕቅድ አውጪው ይህን እያወቀ ይነሳ። ቀላሉን ቁስለኛ ጤና ጣቢያ ይቀበለው። ባለሚኒባሱንም ወዴት እንደሚነዳ እዛው የሚነግረው ይኑር።

ዳዊት፦ ትራፊክ ፖሊስ?

ቤዛ፦ ለምን አይሆንም? መንገዱን የሚከፍተውም እሱ ነው። ግን የቱ ሆስፒታል ስንት ቀይ መቀበል እንደሚችል ካልተነገረው ምን ብሎ ይጠቁማል? ለደመራ የሚዘጉት መንገዶች ቀድመው ይታወቃሉ። ሆስፒታሎቹም መንገዱ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ይጠሩና ስንት ቀይ መቀበል እንደሚችሉ ይናገሩ።