የጋሽ ካርታ ደብተሮች፦ በጡረተኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ ከየጣቢያው ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ በሥራ ላይ ያላችሁ የሙያ ልጆቻችን፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ያ ሁሉ ዓመት ሌሊት እንቅልፍ አጥታችሁ ስትጠብቁን የኖራችሁ የትዳር ጓደኞቻችን፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

እንደ ልማዳችን ቢሆን ሊቀ መንበሩ በዚህ ሰዓት የዓመቱን ሪፖርት ያነብባል። ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ፣ የሂሳቡንም ነገር ገንዘብ ያዣችን ከሰዓት በኋላ ስለሚያብራሩት፣ እኔ የተሰጠኝን ጊዜ በሙሉ ስለ አንድ አባላችን የሥራ ዘመን ለመናገር እፈልጋለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ «ስሜ ከተጠራ ተነሥቼ እወጣለሁ» ብለውኛል፣ እንደሚያደርጉትም አውቃለሁ። ጣቢያ ውስጥ ሁላችንም የምናውቃቸው «ጋሽ ካርታ» በሚለው ቅጽል ስም ነውና በዚሁ እቀጥላለሁ።

ጋሽ ካርታ የተቀጠሩት በ1971 ዓ.ም፣ የ22 ዓመት ወጣት ሳሉ ነው። ለሙያው ፍቅር ኖሯቸው ሳይሆን ደመወዝ ፈልገው እንደ ነበር ሳያፍሩ ይናገራሉ። የመጀመሪያዎቹ ወራት መኪና በማጠብ፣ ቱቦ በማድረቅና በመጠቅለል አለፉ። ያኔ አዲስ አበባ በአብዛኛው የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ከተማ ነበረች፤ ቤት ከቤት ግድግዳ ይጋራ ስለነበር፣ ከአንዱ ማድ ቤት የተነሣ እሳት በአቡጀዴው ኮርኒስና በጣሪያው ማገር መካከል ማንም ሳያየው ተጉዞ ሦስተኛው ቤት ላይ ብቅ ይል ነበር። ስለዚህ አለቃቸው ያስተማሯቸው የመጀመሪያ ነገር የሚነደውን ቤት ትቶ ገና ያልነደደውን ማየት፣ እሳቱ ከመድረሱ በፊትም ጣሪያውን ገንጥሎ መንገዱን መቁረጥ ነበር። ቆርቆሮው የተገነጠለበት ባለቤት ሲረግማቸው እንደ ዋለ፣ ቤቱ መትረፉን ያየው ግን በማግስቱ እንደ ሆነ እስካሁን እየሳቁ ያወሩታል።

ቅጽል ስማቸው የመጣው በዕረፍት ቀናቸው ከሚሠሩት ሥራ ነው። ሌላው ወደ ቤተ ሰቡ ሲሄድ እሳቸው ገመድና ደብተር ይዘው ሰፈር ለሰፈር ይዞራሉ፤ የትኛው ቅያስ ቦቴ ያስገባል፣ የትኛው በር ላይ የመብራት ሽቦ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሏል፣ የትኛው የውኃ መቅጃ አስፋልት ሲነጠፍ ተቀብሯል የሚለውን በእርምጃና በክንድ ለክተው ይጽፋሉ። ይህን ያዘዛቸው ማንም አልነበረም። የጀመሩት አንድ የበጋ ሌሊት ቀበና ወንዝ አጠገብ ቃጠሎ ላይ ሳሉ ቦቴው ውኃ ከጨረሰባቸው በኋላ ነው። ወንዙ ከሥራቸው ሲፈስ ይሰማ ነበርና መኪናውን ድልድዩ ላይ አቁመው የመምጠጫውን ቱቦ ወደ ገደሉ ለቀቁት። ሞተሩ ይጮኻል፣ ውኃው አይመጣም። ሹፌሩ «ፓምፑ ተበላሽቷል» አለ፤ ፓምፑ ግን ጤነኛ ነበር። በመምጠጫ ቱቦ ውስጥ ውኃን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት እንጂ ፓምፑ አይደለም፤ ፓምፑ አየሩን አውጥቶ ቦታ ያስለቅቃል እንጂ ውኃ አይጎትትም። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት ውኃን ቢበዛ ወደ 10 ሜትር ያነሣል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው ከተማችን ግን አየሩ ስለሚሳሳ ይህ ከ8 ሜትር በታች ይወርዳል፣ በተግባር ደግሞ 6 ሜትር ያገኘ ሰው ተሳክቶለታል። ጋሽ ካርታ በማግስቱ በገመድ ወርደው ሲለኩት ገደሉ ከዚያ በላይ ሆኖ ተገኘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየድልድዩ ሥር ውኃው ስንት ክንድ እንደሚርቅ የተጻፈባቸው ደብተሮች ዛሬ ሰባት ደርሰዋል።

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም በከተማችን ደቡብ የጥይት መጋዘን የፈነዳ ዕለት ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ነበርን። ባለ ካሜራው መሐመድ አሚን፣ የ1977ቱን ረሃባችንን ለዓለም ያሳየው ኬንያዊ፣ ክንዱን ያጣውና የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሕይወቱ ያለፈው በዚያ ቦታ ነው። ጋሽ ካርታ ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ የሚያወሩት ስለ ፍንዳታው ሳይሆን ስለ መጠበቁ ነው። ጥይት በሚፈነዳበት እሳት ውስጥ ሰው ይዞ መግባት ሰው መጨመር እንጂ ማዳን አይደለም፤ ትእዛዙ ርቃችሁ ቁሙ የሚል ነበር፤ እሳቸውም ቆሙ፤ የሰፈሩ ሰው «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?» እያለ ሲጮኽባቸው መልስ አልነበራቸውም። ትእዛዙ ትክክል እንደ ነበር ያውቃሉ፤ ቢሆንም እስከ ዛሬ ከሙያቸው ሁሉ የከበዳቸው ያ እንደ ሆነ ነግረውኛል።

ይህንኑ ትምህርት ወደ ጉድጓድ ሥራ አመጡት። ሕዝቡ እሳት አደጋ ሲል እሳት ብቻ ይመስለዋል፤ እኛ ግን ከውኃ ጉድጓድና ከመጸዳጃ ጉድጓድ ስንት ሰው እንዳወጣን እናውቃለን። በመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ መጀመሪያ እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ማሽተቻን ስለሚያደነዝዝ የገባው ሰው ሽታው የጠፋ፣ አደጋውም ያለፈ ይመስለዋል። ወንድም ወንድሙን ለማውጣት ይገባል፣ ጎረቤት ሁለቱን ለማውጣት ይገባል። ጋሽ ካርታ የፈረቃ ኃላፊ በነበሩ ጊዜ መተንፈሻ ሳያጠልቅና ገመድ ሳይታሰር ማንም እንዲወርድ አይፈቅዱም ነበር፤ የሟች እናት እግራቸው ላይ ወድቃ ስትለምናቸው እንኳ አልፈቀዱም። ጨካኝ ያሏቸው ነበሩ። በእሳቸው ፈረቃ ግን ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ባልደረባ የለም።

የመጨረሻው ትልቅ ሥራቸው ቆሼ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም፣ ቅዳሜ ምሽት የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ለጡረታ የወራት ዕድሜ የቀራቸው ጋሽ ካርታ ከልጆቻቸው እኩያ ወጣቶች ጋር ቆፍረዋል። ስለዚያ ሰሞን እንድናገር አልፈቀዱልኝም፤ እኔም አልናገርም።

በዚያው ዓመት ሰኔ ከ38 ዓመት አገልግሎት በኋላ ጡረታ ወጡ። እዚህ ላይ ለሁላችንም የሚመለከት አንድ ነገር ላንሣ። ባለቤታቸው በዚያ ዘመን ሁሉ ልብሳቸውን ቤት ውስጥ ከልጆች ልብስ ጋር ያጥቡ ነበር፤ የጭሱ ሽታ ያኮራን ነበር እንጂ አላስፈራንም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2014 ዓ.ም ማብቂያ የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ማስረጃው በቂ ነው ያለው በሽንት ፊኛ ካንሰርና አስቤስቶስ የተባለው የማዕድን ክር በሚያመጣው፣ ሜሶቴሊዮማ በሚባለው በተለይ የሳንባን ሽፋን በሚይዝ ካንሰር ላይ ነው። ሽንቱ ላይ ደም ያየ፣ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው አባል «ዕድሜ ነው» ብሎ ዝም እንዳይል፣ ሐኪሙም ዘንድ ሲቀርብ ምን ሥራ እንደ ሠራ ሳይጠየቅ እንዲናገር እለምናለሁ። በሥራ ላይ ያላችሁም ጥላሸት የያዘ ልብስ ወደ ቤት አትውሰዱ።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ጋሽ ካርታ የ68 ዓመት ጡረተኛ ነበሩ። ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ ሄደው ከሕዝቡ ኋላ ቆሙ። ከደብተራቸው «መኪና ያስገባል» ብለው ከመዘገቧቸው መተላለፊያዎች አንዱን በዓይናቸው ፈልገው በሸራና በዕቃ ተይዞ አገኙት። ያን ሌሊት ቤት ሲመለሱ ደውለውልኝ «ደብተሬ አርጅቷል» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ለዛሬው ጉባኤ በ3ኛ ተራ ቁጥር የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ የመጣው ከዚያ ስልክ ነው። ሥራ አስፈጻሚው የሚጠይቀው ደብተሮቹ እንዲታተሙ አይደለም፤ ፒያሳ በኮሪደር ልማት ምን ያህል እንደ ተለወጠ የሚያውቅ ሰው ያ ምን ዋጋ አለው ይለናል፣ እውነቱን ነው። የምንጠይቀው እያንዳንዱ ጡረተኛ ከአንድ በሥራ ላይ ካለ ወጣት ጋር ተጣምሮ ያገለገለበትን ሰፈር እንደ ገና እንዲዞርና እንዲለካ ነው። ወጣቱም የሚያስተምረን አለው፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ይረዝማል፣ ጋሽ ካርታ ግን «እኔ የማውቀው እስከ አራተኛ ፎቅ ነው» ይላሉ። አንዳንድ አባላት ለእግር ጉዞ ጉልበት እንደሌላቸው ነግረውናል፤ እነሱ ቤታቸው ተቀምጠው ለሚጠይቃቸው ወጣት ቢናገሩ በቂ ነው።

ከዚህ በኋላ መድረኩን ለጋሽ ካርታ እለቅላቸዋለሁ። ለመናገር የተስማሙት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ከሁላችንም ቀድመው መጥተው ይህን አዳራሽ ዞረው አይተዋል። ከኋላችሁ ካሉት ሁለት በሮች የግራው ተቆልፎ እንደ ነበር ነግረውኛል። ቁልፉ ተገኝቶ እስኪከፈት ድረስ ንግግራቸውን አይጀምሩምና፣ በሩ አጠገብ የተቀመጣችሁ ወንበራችሁን ጥቂት ፈቀቅ እንድታደርጉልን በትሕትና እጠይቃለሁ።